ሁለት ኪሎ የማትሞላው የቤታችን እንግዳ

የገና ዋዜማ ማታ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደሴ ሲገባ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የኬክ ካርቶን ይዞ ነበር። የካርቶኑ ጎን ግን በእስክሪብቶ ተበሳስቷል። ስምንት ዓመት የሆናት የእህቴ ልጅ ክዳኑን ስትከፍት፣ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ፣ ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ብቅ አለ። እናቴ አይጥ መስሏት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጅቷ ግን እዚያው በዚያው ስም አወጣችላት፦ ጤፍ። ከእህል ሁሉ ትንሿ እሷ ናትና።

ወንድሜ መንገድ ዳር ቡችላ ይዘው ከሚቆሙት ሰዎች ከአንዱ ነበር የገዛት። ሻጩ የነገረውን ቃል በቃል ደገመልን፦ «ቺዋዋ ናት። የሦስት ወር ናት። ከዚህ በላይ አታድግም። የሰው ምግብ ትበላለች። ምንም አታስቸግርም።» እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን መጻፍ እንጀራዬ ስለሆነ፣ ሰውዬው ሥራውን እንደሚያውቅ ወዲያው ገባኝ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ዛሬ በከተማችን ትንንሽ የቤት ውሾች ማየት ብርቅ አይደለም። ድሮ ውሻ ማለት ግቢ የሚጠብቅ፣ ማታ ጅብ ሲመጣ የሚጮኽ ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይም በተከራዩት ሁለት ክፍል ቤት የሚኖሩ ወላጆች ለልጆቻቸው ሶፋ ላይ የምትቀመጥ ውሻ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የጤፍን ታሪክ ከእነስህተታችን ላጫውታችሁ።

ቺዋዋ ማን ናት?

ስሟ የመጣው ሰሜን ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የቺዋዋ ግዛት ነው። ግዛቱ በስፋቱ ከአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ አንደኛ ነው፤ በእሱ ስም የምትጠራው ውሻ ደግሞ ከዓለም የውሻ ዝርያዎች ትንሿ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1908 ዝርያዋን ተቀብሎ የመዘገበ ሲሆን፣ በመስፈርቱ መሠረት ያደገች ቺዋዋ ከ2.7 ኪሎ ግራም መብለጥ የለባትም። ይህ በእኛ ቤት የሳምንት ሽንኩርት አይሞላም።

አጭር ፀጉርና ረጅም ፀጉር ያላቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ጭንቅላታቸው እንደ ፖም የከበበ፣ ዓይናቸው የጎላ፣ ጆሯቸው የቆመ ነው። ብዙዎቹ ቺዋዋዎች ልክ እንደ ሰው ሕፃን አናታቸው ላይ ያልገጠመ ለስላሳ ቦታ፣ እርግብግቢት፣ አላቸው። የሕፃን እርግብግቢት ከጊዜ በኋላ ይገጥማል፤ የአንዳንድ ቺዋዋ ግን ዕድሜ ልኳን ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከሶፋ ላይ መውደቅ ወይም የልጅ ኳስ አናቷን መምታቱ ለሌላ ውሻ ቀልድ ሲሆን ለእሷ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ጠባይዋ ከቁመቷ ጋር አይመጣጠንም። ደፋር ናት፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መርጣ ትጣበቃለች፤ እንግዳ ትጠራጠራለች፤ በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድማ ትጮኻለች። ትንንሽ ልጆች እንደ አሻንጉሊት ሲያነሷትና ሲጨምቋት ትፈራለች፣ ስትፈራም ትነክሳለች። ዕድሜዋ ከ14 እስከ 16 ዓመት ይደርሳል። ይህን ለእህቴ ስነግራት ዝም ብላ በጣቷ ቆጠረች። ጤፍ ስታረጅ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ላይ ትሆናለች።

ለኢትዮጵያዊ ቺዋዋ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለችም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ትንሽ ውሻቸውን ሉሉን ሳያይ አይቀርም። መቃብሩም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ይገኛል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ባሳተመው መጽሐፍ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና እንደነበርና ጫማውን በጨርቅ እየዞረ የሚያብስ ሠራተኛ እንደነበረ ተጽፏል። መጽሐፉ ከታሪክ ይልቅ ለተረት ያደላል ተብሎ ብዙ የተተቸ ስለሆነ ወሬውን እንደ ወሬ ውሰዱት። እናቴ ይህን ስትሰማ ግን ወዲያው መለሰች፦ «እሳቸው አሽከር ነበራቸው። እኛ ማን አለን?»

ሦስተኛው ማለዳ

በበዓሉ ማግስት ወደ ሥራዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ደወለች። «ጤፍ አልነቃ አለችኝ። ሰውነቷ እንደ ጨርቅ ሆኗል፣ ስጠራት ዓይኗን እንኳ አታነሳም።» ከኋላ የልጅቷ ለቅሶ ይሰማኛል።

በሥራ አጋጣሚ ለማውቀው የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ በላች?» የሚል ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ። «የት አደረች?» ወጥ ቤት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በካርቶን። «ማር አላችሁ?»

ማሩን በጣት ድዷ ላይ እንዲቀቡላት፣ ነገር ግን አፏ ውስጥ ምንም እንዳያፈሱ፣ በጋቢ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስጠግተው በቶሎ እንዲያመጧት ነገረን። ያልነቃ እንስሳ አፍ ውስጥ ፈሳሽ ማፍሰስ ወደ ሳንባ ይገባና ይገድላል። ክሊኒክ እስኪደርሱ ጭንቅላቷን ማንሳት ጀምራ ነበር።

ሐኪሙ መዘናት፤ 700 ግራም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ። የኋላ የወተት ጥርሶቿ ገና አልወጡም። የሦስት ወር የተባለችው ጤፍ የስድስት ሳምንት ግልገል ነበረች። ከእናቷ ጡት የተነጠቀችው ያለ ጊዜዋ ነው፤ ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም።

የደረሰባት የስኳር ማነስ ነው። እንዲህ ያለች ቡችላ ጡንቻዋም ጉበቷም ትንሽ በመሆኑ የምታጠራቅመው ስንቅ የላትም። ለጥቂት ሰዓት ካልበላች ወይም ከበረዳት በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። መጀመሪያ ትደክማለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች፣ በመጨረሻም ራሷን ትስታለች። መፍትሔው ቀላል ግን አድካሚ ነው፦ እስከ አራት ወሯ ድረስ በቀን አራት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት መመገብ፤ የመጨረሻውን ልክ ከመተኛቷ በፊት፣ የመጀመሪያውን ጎህ ሲቀድ።

ብርዱን በተመለከተ እኛ ደሴዎች ለምደነዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ለሰው ሹራብ መደረብ ነው። ሁለት ኪሎ የማትሞላ እንስሳ ግን ከክብደቷ አንጻር ሰፊ ቆዳ ስላላት ሙቀቷ ቶሎ ይበናል። ቺዋዋ የምትንቀጠቀጠው በፍርሃት ወይም በደስታ ሊሆን ይችላል፤ ደሴ ላይ በክረምት ጭጋግ ውስጥ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ብርዱን ጠርጥሩ።

የጤፍ አልጋ አሁን ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከበር ርቆ፣ ከሳሎኑ ጥግ ነው። ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ በፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጥላታል። የከሰል ምድጃ አጠገቧ ማስቀመጥ ግን አይሆንም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰውንም ይገድላል፤ ትንሿን ፍጥረት ደግሞ ቀድሞ ይደርስባታል።

ቅዳሜና እሁድ አንዳንዴ ልጅቷ እኔ ጋ ስትመጣ ጤፍም ትመጣለች። የሐረጎ ጠመዝማዛ ሰው እንኳ ያስመልሳል፤ ስለዚህ ከመነሳታችን ሁለት ሰዓት በፊት ትንሽ አብልተን፣ ክዳን ባለው ቅርጫት አድርገን፣ ማር በትንሽ ብልቃጥ ይዘን ነው የምንሳፈረው። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ችግሩ ይገለበጣል። ብርዱ ይቀርና መዥገርና ቁንጫ ይጀምራል። ከጉዞ መልስ ጆሮዋ ውስጥ፣ ብብቷ ሥርና በጣቶቿ መካከል መፈተሽ የልጅቷ ሥራ ሆኗል፤ ከቤት ሥራዋ ይልቅ ይህን ትወደዋለች።

«የሰው ምግብ ትበላለች»

እውነት ነው፣ ትበላለች። ጥያቄው ከበላች በኋላ ምን ትሆናለች ነው።

የአበሻ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ ወይም የደረቀ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል። ትልቅ የግቢ ውሻ ወጥ የነካው እንጀራ ለዓመታት በልቶ ደህና ሆኖ ስላየነው «ምንም አይለውም» እንላለን። የሠላሳ ኪሎ ውሻ የሚችለውን የሁለት ኪሎ ውሻ አትችለውም። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ድካም፣ የነጣ ድድ፣ የጠቆረ ሽንት ይመጣል። ያኔ የዶሮ ወጡን ማንም አያስታውሰውም።

በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። የክርስቲያኑ ቤት ለ55 ቀን ሥጋም ወተትም ከጓዳው ወጥቷል፤ የሙስሊሙ ቤት ቀኑን ሙሉ ምድጃ አይነድም። በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት እናቴ «እሷም እንደ እኛ ትጹም» ብላ ሽሮ በእንጀራ ሰጠቻት። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ በርበሬ አለ። በማግስቱ ተቅማጥ ያዛት። ከዚያ ወዲህ ለጤፍ የሚሆን ምግብ እሁድ እሁድ ለብቻው በትንሽ ድስት ይበስላል፦ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዶሮ ከነጠላ ሩዝና ካሮት ጋር፣ አልፎ አልፎ እንቁላል። ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደረቅ የውሻ ምግብ ስናገኝ እንቀላቅላለን፤ በቤት የተሠራው ብቻውን ካልሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ስለሚጎድሉት ሐኪሙ የሚጨመር ነገር አዞላታል። ለጾም ቤት ዕቃ የምትጠነቀቀው እናቴ ድስቱን ለይታ፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር አሥራበታለች።

ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ የቡና አተላ፣ እንዲሁም ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቃልና አይሰጥም። ልጆች በፍቅር የሚጥሉላትን ቁራሽም ቁጠሩ። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ውሻ 200 ግራም ጨመረች ማለት፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንደ መጨመር ነው።

የበዓል ዕርድ ሌላ ጣጣ ነው። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በግ ግቢ ውስጥ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ ለውሻ መወርወር የቆየ ልማዳችን ነው። ያ የቋጠረው ነገር የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻዋ ከበላችው በአንጀቷ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፤ ከፀጉሯ ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ዓመታት የሚፈጅ፣ አንዳንዴ በቀዶ ጥገና ብቻ የሚወጣ እብጠት ይፈጥራል። የተበላሸው የሆድ ዕቃ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። የሶፋ ውሻ ከልጅ ጋር አንድ ትራስ ስለምትጋራ፣ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት መውሰዷ ከግቢ ውሻ ይልቅ ለእሷ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን ግን በግምት አትስጡ። አካባቢያችን የከብት፣ የበግና የግመል አገር ስለሆነ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው በአብዛኛው ለእነሱ መጠን የተዘጋጀ ነው። ለበግ የሚበቃው ለጤፍ ሞት ነው። የሰው መድኃኒትም እንዲሁ። አንድ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ በኪሎ 250 ሚሊ ግራም ይደርሳታል፤ ይህ ጉበቷን ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው። «አተኮሳት» ብሎ ግማሽ ክኒን የሰጣት ሰው በደግነት ነው የሚገድላት።

ጥርስ፣ ጉልበት፣ አንገት

ያደገ ውሻ ሁሉ 42 ጥርስ አለው፤ ጀርመን ሼፐርድም፣ ቺዋዋም። 42 ጥርስ በአንድ የሰው አውራ ጣት በሚያክል መንጋጋ ላይ ሲደረደር ምን እንደሚሆን አስቡት። ይጣበባል፣ ምግብ ይይዛል፣ የወተት ጥርሱ ሳይወድቅ አዲሱ በጎኑ ይበቅላል። በስድስት ወሯ ለሐኪም ማሳየትና በሳምንት ጥቂት ጊዜ በልጆች የጥርስ ብሩሽ መቦረሽ ያስፈልጋል። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፣ ትውጠዋለችና።

የጉልበት ሎሚያቸው በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ስትሮጥ ድንገት አንድ እግሯን አንጠልጥላ በሦስት እግር ከሄደች ምልክቱ ያ ነው። ከአልጋ ላይ መዝለልን ቀንሱላት። አንገቷ ላይ ገመድ አትሠሩ። የመተንፈሻ ቧንቧዋ ለስላሳ ስለሆነ ሲጎተት ይጠፈጠፋልና፣ ደረቷን የሚያቅፍ ማሠሪያ ይሻላል። የልብስ ስፌት የሚችል ሰው ከአሮጌ ጂንስ በአንድ ሰዓት ይሠራዋል፤ የእኛን የሰፋው ወንድሜ ነው፣ ለካሳ።

አሥር ቀን

ይህን ክፍል መጻፍ ይከብደኛል፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነበርና።

የጥምቀት ሰሞን ነው። ጤፍ ስምንት ሳምንት ገደማ ሆኗታል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመከተብ አልደረሰችም። ልጅቷ እየበላች ሳለ አነሳቻት፤ ጤፍ ዞራ ጣቷን ነከሰች። ጥርሷ እንደ እሾህ ነው። ሁለት ነጥብ የምታህል ደም ወጣ። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ በስልክ «ጤፍ ነብር ሆነች!» አለ። ልጅቷ ራሷ ሳቀች። በአሮጌ ሻሽ ጠረግንላትና ረሳነው።

ማታ ላይ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ዶክተሩን ስጠይቀው አልሳቀም። «ከየት እንደመጣች ታውቃላችሁ? እናቷ ተከትባ ነበር? በዚያ መንገድ ዳር ከሌላ ውሻ ጋር ነበረች?» አንዱንም አናውቅም። «እንግዲያው ትንሽ ውሻ የለም» አለኝ። «ቡችላም ይታበዳል። አሁኑኑ እጇን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከልም 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን፣ ቁስሉን ማጠብና ክትባቱን በጊዜ መጀመር ያድናል። መካከል ላይ ምንም የለም።

እናቴ ፈራች። እሷ የምታስታውሰው በልጅነቷ ያየችውን፣ ለብዙ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ነው። ዛሬ ክትባቱ ክንድ ላይ፣ በቀናት ልዩነት፣ ጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ጠበል እንውሰዳት የሚል ሐሳብም ቤት ውስጥ ተነሳ። ማንም ማንንም አልተቃወመም፤ ጠዋት ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ቅዳሜ ጠበል ተባለና ታረቅን። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው።

ልጅቷ መከተብ ጀመረች። ጤፍ ደግሞ ለአሥር ቀን ክትትል ውስጥ ገባች። የነከሰ ውሻ በአሥር ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ውሻዋን መግደል ወይም መጣል ስህተት ነው፤ አሥር ቀን በሕይወት መቆየቷ ራሱ ምርመራ ነው። ልጅቷ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየማታው በሰማያዊ እስክሪብቶ ክብ ትሠራ ነበር። እህቴ ግን ክቦቹን አታይም ነበር፤ ልጇ የተኛችበት ክፍል በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰማለች። በሰባተኛው ቀን ጤፍ ምግብ እምቢ ብላ ዋለች። ያን ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተኛ አልነበረም። ጠዋት ላይ ልጅቷ ደብቃ የሰጠቻት የበዓል ዳቦ ሆዷን ነፍቷት እንደነበር ታወቀ።

አሥረኛው ክብ ሲዘጋ ሐኪሙ የልጅቷ ክትባት ሊቆም እንደሚችል ነገረን።

ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምሮ፣ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደጋገመ እስከ 16 ሳምንት ድረስ፣ ዲስቴምፐርና ፓርቮ ለሚባሉት በሽታዎች ይከተባል። ፓርቮ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አስይዞ በቀናት ውስጥ የሚገድል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ይሰጥና በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት ይቀጥላል። «ከቤት አትወጣም» የሚለው ምክንያት አይሠራም። በር ይከፈታል፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ የሚዞር እንስሳ አለ፣ መንገድ ላይ ውሻ ይገጥማል።

ለባለሙያ እጥረት ምክንያት አንስጥ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፣ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ፣ በሁለቱም ከተሞች የእንስሳት ክሊኒክ ይገኛል። እርግጥ ተራ ስትጠብቁ ከፊታችሁ በሬ፣ ከኋላችሁ ፍየል ሊኖር ይችላል። ጤፍን በቅርጫት ይዤ የተቀመጥኩ ዕለት አንድ ገበሬ ጎንበስ ብለው አይተው «ይቺ ስንት ትታለባለች?» አሉኝ።

ጎረቤት

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ሙስሊም ናቸው። ለእሳቸው የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ መስገጃም ዕቃም ጣጣ ነው። ጤፍ ከመጣች በኋላ እናቴ በአፍረት ልትነግራቸው ሄደች። እማማ ቡናቸውን እያፈሉ ሰምተው፣ «ውሃ የጠማውን ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት አገኘ ሲባል አድገናል። ግን ከመስገጃዬ ይራቅ» አሏት። በዚህ ተስማማን። ጤፍ በእሳቸው በር በኩል አታልፍም፤ እማማ ለቡና ሲመጡ እኛ ጓዳ እናስገባታለን፤ ሶፋው ላይ ለእሳቸው የሚነጠፍ የታጠበ ጨርቅ ተለይቶ ተቀምጧል። የእኛም ቤት ቢሆን ጸሎት አለበት፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የለበስነውን ነጠላ ጤፍ እንዳትነካው ከፍ አድርገን እንሰቅላለን። ውሻ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት ግድግዳ ከምትጋሩት ሰው ጋር ተነጋገሩ። ቺዋዋ ትጮኻለች፤ ጩኸቱም በቀጭን ግድግዳ ያልፋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

በሙያዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚገዛው ስሜቱን መሆኑን ነው። በቴሌግራም የሚለቀቁትን የቡችላ ማስታወቂያዎች ስታዩ «ቲካፕ»፣ «የማያድግ»፣ «ንጹህ ዘር» የሚሉ ቃላት ታገኛላችሁ። ቲካፕ የሚባል የታወቀ ዝርያ የለም። ከሚገባው በላይ እንዲያንሱ ተብለው የተዳቀሉ ወይም ያለ ዕድሜያቸው የተሸጡ ግልገሎች መጠሪያ ነው፤ የስኳር ማነሱም፣ የአጥንት ስብራቱም በእነሱ ይብሳል። እናቷን ካላያችሁ፣ የክትባት ካርድ ከሌላት፣ የኋላ ጥርሷ ካልወጣ፣ ፎቶዋ ምንም ያህል ቢያምር ዝለሉት።

የሦስት ወሩን ወጪ ኤክሴል ላይ ጻፍኩት፤ የሙያ በሽታ ነው። ከሁሉ ትንሹ መስመር ምግቡ ሆነ። ሐኪም፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒትና መመላለሻ ተደምረው ወንድሜ ለግዢዋ የከፈለውን አልፈውታል። ከገንዘቡ የሚበልጠውን ደግሞ ሠንጠረዡ አይመዘግበውም፦ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የሚያበላት ሰው ማነው? ባልም ሚስትም ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ በሚውሉበት፣ ሠራተኛ በሌለበትና ትንሹ ልጅ አምስት ዓመት ባልሞላበት ቤት ቺዋዋ ባትገባ እመርጣለሁ። ጓደኞቼ እንዲህ ስል ይስቁብኛል፤ ጤፍ ጭኔ ላይ ተኝታ ነው የምላቸው።

ጤፍ ባለፈው ሳምንት ተመዘነች፤ አንድ ኪሎ ከ600። የእብድ ውሻ ክትባቷን ወስዳለች፤ ካርዷ ከልጅቷ የትምህርት ቤት ካርድ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል። በምግብ ሰዓት ማንም አይነካትም። ትናንት ማታ ደሴ ስደውል እማማ ቡና ላይ ነበሩ። ከኋላ ድምፃቸው ይሰማኛል፦ «ያቺን ነገር ጓዳ ከታችኋታል? ታዲያ ጋቢዋን አለበሳችኋት? ጭጋጉ ወርዷል እኮ።»